ሐኪም ፊት የተባለ እሺ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ጊዜ፣ አያ ደምለው የሚባሉ ሦስት ልጆች ያሏቸው ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለሱ ሆዳቸው ተነፋ፤ አንጀታቸው ተጠማዞ ኖሯል። እሳቸው ግን ጠበል ውሰዱኝ ብለው ድርቅ አሉ።

የበኩር ልጃቸው ዘርጋው አልሰማቸውም። ጎረቤት ሰብስቦ፣ በቃሬዛ አሸክሞ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ አስጉዞ ሆስፒታል አደረሳቸው። ደም ሲጠየቅም ክንዱን ዘረጋ። ሐኪሙ በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና አደረገላቸውና ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር አለ።

የሚወጡበት ቀን ሲደርስ ሐኪሙ የመድኃኒቱን አወሳሰድ፣ የቁስሉን አያያዝ፣ ምን ሲታይ ቶሎ መመለስ እንዳለባቸው ለአባትና ለልጅ ነገራቸው። በጥድፊያ ነው የነገራቸው፤ በር ላይ ሌላ በሽተኛ እየጠበቀው ነበር።

“ገባችሁ?” አለ።

“እሺ ጌታዬ” አለ ዘርጋው። አባትየውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘርጋው ግማሹ አልገባውም፤ ግን በእኛ ዘንድ ሐኪምን መልሶ መጠየቅ ድፍረት፣ እሺ ማለት ደግሞ ጨዋነት ነው። እኔን ይህ ጨዋነታችን ያበሽቀኛል። ዘርጋው ሐኪሙ ትእዛዙን ጽፎ የሰጠውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ልጃቸው አንጓች ባሏንና ቤቷን ትታ መጥታ አስታመመቻቸው። አጥሚት እያጠጣች፣ እያገላበጠች፣ ልብሳቸውን እያጠበች ከአጠገባቸው አልተለየችም። ዘርጋው የነገራት መድኃኒቱን እንድትሰጥና ቁስሉን እንድትጠብቅ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድላቸው፣ ሕመም ሳይኖር መድኃኒት ሰውን ያደክማል ብላ የቀረውን እንክብል ለክፉ ቀን ቋጥራ አስቀመጠች። ቁስሉ ደርቆ ሲያሳክካቸው ደግሞ እንዲለሰልስ ለጋ ቅቤ ቀባችው። ሐሙስ ዕለት መሽተት ጀመረ። ቅቤው ክፉውን እያወጣው ነው ብላ ደስ አላት።

የመጨረሻው ልጅ ምኒችል ከተማ ውስጥ መምህርነት ይማር ነበር። አባታቸው ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ ዘርጋው ደውሎ ና፣ የሐኪሙን ምክር አብረን እንስማ ብሎት ነበር። እሱ ግን ፈተና አለብኝ፣ የሚሰጣችሁን ወረቀት ቅዳሜ መጥቼ አነብላችኋለሁ አለ። ቅዳሜ ሲገባ ቤቱ ሸቷል፤ አባቱም ይቃዣሉ። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሦስቱ ሊያነበው የሚችል እሱ ብቻ ነበር። እንክብሉ ለሰባት ቀን ሳይቋረጥ እንዲዋጥ፣ ቁስሉ ላይ ምንም እንዳይቀባ፣ ሽታ ወይም ትኩሳት ከታየ በዚያው ቀን እንዲመለሱ ይላል። ማንንም ሳያማክር አባቱን አዝሎ መንገድ ወጣ፤ አይሱዙ አስቁሞም ሆስፒታል ወሰዳቸው።

አያ ደምለው ዳግም ተቀደው ተረፉ። ሆዳቸው ግን እንደ ቀድሞው አልጠናም፤ ሁለተኛ እርፍ እንዳይጨብጡ ተከለከሉ። ያለ እርሻ ሌላ የማያውቁት ሰውዬ አለቀሱ። በኋላም ሽማግሌ ጠርተው፣ መሬቴን ሕይወቴን ላተረፈው ልጅ ስጡልኝ፣ እሱም ይጡረኝ አሉ።

“ያን ቀን ባልወስደው ዛሬ አባት የለንም” አለ ዘርጋው።

“እኔ ባልደርስ ሰኞን አያይም ነበር” አለ ምኒችል።

“ስጠራህ ብትመጣ ኖሮስ?” አለው ወንድሙ።

“የነገራችሁኝን ሁሉ አድርጌያለሁ” አለች አንጓች፤ “ያልነገራችሁኝን ከየት ላምጣ?”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እንግዲያው መጀመሪያ የጎዳቸው ማን እንደሆነ ይለይ አሉ። ሁሉም ወደ ልጆቹ ዞረ። መልስ የሰጡት ግን አያ ደምለው ናቸው።

“እኔም እዚያው ነበርኩ። አልገባኝም ማለት አሳፍሮኝ ነው ዝም ያልኩት።”

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አለማወቁን የደበቀስ? ሽማግሌዎቹ ሁለት እሑድ ተቀምጠው ሳይፈርዱ ተነሡ። ክረምቱ ገብቷል፤ መሬቱም ጦሙን አድሯል። እናንተ ከሽማግሌዎቹ ጋር ብትቀመጡ መሬቱን ለማን ትሰጡ ነበር፦ ለወሰዳቸው፣ ላስታመመቻቸው ወይስ ላነበበላቸው?