ያልተራገፈው የደባሱ ዶማ

አገሩ ሁሉ የሚናገራት አንዲት ተረት አለች፤ ከአንድ ዶማ ላይ ካልተራገፈ ጭቃ እንደ ተነሣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ዶማው ደባሱ የሚባል ሰው ዶማ ነው። ጭቃውን ያየችው ጎረቤቱ ስንዱ ናት፤ ያየችው ግን ሳታስተውል ነው።

ስንዱ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆቿንና የባሏን አባት አባ ንጋቱን የምታስተዳድር ሴት ነበረች። ገብሱ እስኪደርስ አራቱን ነፍስ የሚያቆያቸው ጓሮ የተከለችው ድንች ብቻ ነው። አጥር የሚጋራት ደባሱ ደግሞ ከክንዱ ይልቅ ምላሱ የሚሠራ ሰው ነበር። ወንፈል እንግባ ብሏት፣ በእሱ ተራ እሷ ቀኑን ሙሉ ቆፈረችለት፤ በእሷ ተራ ግን በዓል አይጠፋም።

«ዛሬማ አቦ ናቸው» ይላል ዶማውን ተደግፎ። «መሬት ከነካን በረዶ ነው የሚመታን።»

«ትናንትስ የማን ነበር?»

«ትናንትማ ዋዜማ ነበር፣ እትዬ ስንዱ።»

አባ ንጋቱ ይስቁና «ይህ ሰው የቅዱሳኑን ቀን ሁሉ ያውቃል፤ የጠፋው የሥራው ቀን ነው» ይላሉ። ስንዱም አብራ ትስቃለች፤ ሰነፍ ነው እንጂ ክፉ አይደለም ብላ።

ድንቹ ለመቆፈር ሲደርስ የመስከረም ሚካኤል መጣ። መንደርተኛው ሁሉ ወንዝ ማዶ ለዝክር ሲሄድ ደባሱ ቀረ።

«እናንተ ሂዱ፤ ጓሮውን ከዝንጀሮ እጠብቅላችኋለሁ። መጠበቅ እንደሁ በዓል አይሽርም» አላት።

ልጆቿን አስቀድማ፣ አባ ንጋቱን ደግፋ ሄደች።

አመሻሹ ላይ ስትመለስ ድንቹ እንደ ቆመ ነው፤ ቅጠሉ ለምለም። ደባሱ ደጁ ላይ ተጋድሟል። ዶማው አጥሩን ተደግፏል፤ ምላጩ ላይ ጥቁር እርጥብ አፈር ተለጥፏል። ስንዱ «ደከምክልን፣ እግዜር ይስጥልን» ብላ የያዘችለትን የዝክር ዳቦ ሰጠችውና ገባች።

በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ጠወለገ። በሽታ የገባበት መስሏት አንዱን ግንድ ሳብ ብታደርገው እንዲሁ መጣላት። ከሥሩ አንዲት ፍሬ የለም። ሁለተኛውም፣ ዐሥረኛውም እንደዚያው። ድንቹን ያወጣው ሰው ግንዱን መልሶ እየተከለ አፈሩን በእጁ ጠቅጥቆታል። ዶማው ትዝ ያላት ይሄኔ ነው። በሚካኤል መሬት በማይነካ ሰው ዶማ ላይ እርጥብ አፈር ምን ይሠራል?

ልጆቿ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ጃርት ይሆናል» አለ ደባሱ፣ ዐይኑን ሳያነሣ።

«ጃርት ግንዱን መልሶ ይተክላል?»

«የዘንድሮ ጃርት ምን የማይሠራው አለ።»

«ዳቦዬንስ የበላው ጃርት ነው?»

ደባሱ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ቤቱ ገባ። ዳኛ ፊት እንዳታቆመው፣ ለምስክርነት የምትጠራው ሰው ሁሉ የዚያን ቀን ዝክር ላይ ነበር።

ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ የዱባ ሐረግ የሸፈነው አንድ መደብ ድንች ደባሱ ሳያየው ተርፏል። ስንዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከልጆቿ ጋር ቆፈረችው። ለዘር የሚሆነውን ለየች፤ ጆንያ እንኳ ያልሞላውን ቀሪ አልጋ ሥር ከተተች። የገብሱን መድረሻ በልቧ ስታሰላ አይበቃም።

መሸት ሲል ደጅ ላይ ኮቴ ተሰማ።

«እትዬ ስንዱ፣ ላጽናናሽ ብዬ ነው የመጣሁ» አለ ደባሱ ከውጭ። «ነገ ደግሞ ደመራ አይደል? እናንተ ስትወጡ ቤቱን እኔ እጠብቅላችኋለሁ።»

ስንዱ ብድግ አለች። ገርበብ ብሎ ያድር የነበረውን በር ገፍታ ዘጋችው፤ መወርወሪያውን አስገባች፤ ነቅነቅ አድርጋም አየችው። አባ ንጋቱ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ውጭ ያለውም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እንዲህ ነው ልጄ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉ።