እህል አበጣሪዋ ደብሪቱና የጠፋው አያቷ

አታምኑኝም። በቆቅ ውኃ ማርያም እምላለሁ፣ አንዳችሁም አታምኑኝም። እኔ ራሴ ስናገረው አላምነውም። ቢሆንም ቁጭ በሉ። አንተ፣ ጋቢህን ሰብሰብ አድርግና ለሴትዮዋ ቦታ ልቀቅላት።

ያኔ፣ ተራራው ገና ሳይጎብጥ፣ ወንዙም መንገድ እየጠየቀ በሚወርድበት ዘመን፣ ቆቅ ውኃ በምትባል መንደር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ደሃ ነበረች። ምን ያህል ደሃ ብትሉኝ፣ አይጥ ቤቷ ገብታ የሚበላ ብታጣ አዘነችና ከጎረቤት ስንዴ አምጥታላት ሄደች። ሥራዋ የሰው እህል ማበጠር ነበር። የሰው እህል ታበጥራለች፣ እንክርዳዱን ትለቅማለች፣ ሰፌዷን በብብቷ አድርጋ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች። ባሏ ሞቷል። አንዲት ልጅ አለቻት፣ አስካለ።

ደብሪቱ ፊቷ ላይ ቀይ ጤፍ የተበተነባት ትመስል ነበር። ከግንባሯ እስከ አንገቷ ነጠብጣብ ብቻ። ለአስካለም አውርሳታለች። ወጠጤዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኟት፣ «ደብሪቱ፣ ፊትሽን አበጥሪው እንጂ!» ይሏታል። እሷም ትስቃለች። «ይሄ የአያቴ ዘር ነው፤ አይበጠርም» ትላለች።

አያቷ ፈረንጅ ነበር ትላለች። ስሙ ዶናል። አገሩ አየርላንድ፤ ሰማዩ ዝናብ የማያባራበት፣ ሰዉ ድንች አጥቶ የተሰደደበት አገር ነው አሉ። በበቅሎ መጣ። የመንደሩን ልጅ ወለቴን አገባ። ወንዙ ዳር የውኃ ወፍጮ ሠራ። ወፍጮው ሲጀምር እንዲህ ዱቄት ያቦን ስለነበር ማዶ ያለው ሰው ያስነጥሰዋል።

ይህን ሁሉ ለደብሪቱ የነገረቻት ወለቴ ራሷ ናት። እንዲህ ብላታለች። ባልዋ እንደ ሰፌድ የሰፋ ባርኔጣ ነበረው፤ ተኝቶም አያወልቀውም። «እንግሊዝ ነህ?» ያለው ሰው ግን ወዮለት፤ ያን ባርኔጣ መሬት ላይ ጥሎ ይረግጠዋል፤ እንባው ይመጣል። ደግሞ ባለ ሦስት እግር ሳጥን ነበረው። ሳጥኑን ሜዳ ላይ ያቆምና ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ጎንበስ ይላል። መንደሩ ይጸልያል ብሎ ያምን ነበር። የሰውን ጸሎት መረበሽ ኃጢአት ነውና፣ እሱ ጎንበስ ባለ ቁጥር ሰዉ እጁን አጣጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቀና ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሜን» ይላሉ።

ወፍጮው በተመረቀ ማግስት ታመመ። ሳጥኑን ጭኖ ወደ ከተማ ወረደ። በዚያው ቀረ፤ መርዶው ብቻ መጣ። ወፍጮውን የመንደሩ ሹም ግራዝማች ውቤ ያዙት። ወለቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ማን ይሟገትላታል?

ዘመን አለፈ። ወፍጮው ወደ ግራዝማች የልጅ ልጅ፣ ወደ ባላምባራስ ገላው ዞረ። የባላምባራስ ሪዝ ረጅም ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ሁለት ፍየል በአንዱ ጎን፣ ሁለት ፍየል በሌላው ጎን ይጠለልበታል። ልጃቸው ታፈረ ወፍጮ ቤት ይቀመጥ ነበር። አስካለ እህል ይዛ ትመጣለች። አንድ ቀን መጣች፣ ሁለት ቀን መጣች፣ ከዚያ እህል ሳትይዝ መጣች። ታፈረ እህል ጠላ። «ወይ አስካለ፣ ወይ ገዳም!» አለ።

ሽማግሌ ዋርካ ሥር ተቀመጠ። በእኛ አገር ሁለት ሰው ሊጋባ ሲል ዘሩ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዘመድ ዘመዱን እንዳያገባ። ደብሪቱ ተነሥታ ቆጠረች። በአባቷ በኩል እንደ ውኃ አንቆረቆረችው። በእናቷ በኩል፣ «እናቴ እንኮዬ፣ የእናቴ አባት ዶናል…» አለችና ቆመች።

«ዶናልን ማን ወለደው?» አሉ ባላምባራስ።

«አየርላንድ» አለች። ሌላ ምን ታውቃለች?

ሰዉ ሳቀ። እንዲህ ተሳቀ፤ ዋርካው ላይ የሰፈረ ወፍ ሁሉ ሆዱን ይዞ ወደቀ። አባ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። «ሰውየው ባዕድ ከሆነማ ምን ዝምድና አለ? ይጋቡ እንጂ» አሉ።

«ባዕድ ከሆነ!» አሉ ባላምባራስ። «ከአያቴ ዘመን ጀምሮ የአንድ ባዕድ እግር ቆቅ ውኃን አልረገጠም። ወፍጮውን የሠራው አያቴ ነው። ፈረንጅ ካልነበረ ደግሞ ወለቴን ያስረገዛት ከእኛው አንዱ ነው። ምናልባትም አያቴ ራሱ! ልጄን ለገዛ ሥጋው ልዳረው?»

ሽማግሎቹ ጢማቸውን ያዙ። ባላምባራስን ማስቀየም አልፈለጉም፤ ሁሉም የሚያስፈጨው እዚያው ወፍጮ ላይ ነዋ። በመጨረሻ እንዲህ ብለው ፈረዱ። «ደብሪቱ፣ የሠርግ ወር ጥር ሳይገባ የዚህ ሰው ስም የተጻፈበትን መዝገብ፣ ወይ መቃብሩን፣ ወይ መልኩን አሳዪን። ከሦስቱ አንዱን ካመጣሽ ልጅሽ ትዳራለች።»

ደብሪቱ ሰፌዷን በብብቷ አደረገችና ወጣች።

መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ዶናል ወለቴን ሲያገባ ክርስትና ተነሥቷል፤ ክርስትና የተነሣ ሰው ደግሞ በመዝገብ ይጻፋል። አለቃ ተክሌ፣ «መዝገቡን አያለሁ፤ አንቺ ግን መጀመሪያ የዝክሩን ስንዴ አበጥሪልኝ» አሏት። አበጠረች። እንክርዳዱን ለቀመች። ሰፌዷን በብብቷ አድርጋ ቆመች። አለቃ መዝገቡን ገለጡ። አቧራው ሲነሣ ከእነ መቋሚያቸው ጠፍተው፣ በኋላ በሳላቸው ተገኙ።

«ዶናል የሚባል የለም። የተጻፈው በክርስትና ስም ነው። የክርስትና ስሙን ንገሪኝ» አሏት።

አላወቀችም። ወለቴ ለማንም አልተናገረችማ። የሰው የክርስትና ስም መተተኛ እጅ ከገባ ይደገምበታል ብላ ፈርታ፣ የባልዋን ስም እንደ ያዘች ሞተች። ከመተት ጠበቀችው። ከመረሳት አላዳነችውም።

ቀጥሎ ወደ ከተማ ወረደች። በእግሯ ነው የሄደችው፤ መንገዱ ከመርዘሙ የተነሣ ስትነሣ ያዘለችው ሽንብራ አብቦ ደረሰ። የባዕዳን መቃብር የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ አገኘች። «የአያቴን መቃብር አሳየኝ» አለችው። «መጀመሪያ ይቺን ምስሬን አበጥሪልኝ፤ ድንጋይዋ ጥርሴን ጨረሰችው» አላት። አበጠረች። ጠጠሩን ለቀመች። ሰፌዷን በብብቷ አድርጋ ተከተለችው።

ውስጥ ገብታ አየች። ትልልቅ ድንጋይ፣ የማይነበብ ፊደል። ከሁሉ አንዱ ልቧን ጎተተው። ተደፋችበት። «አባባዬ፣ አገኘሁህ!» ብላ አለቀሰች። ደረቷን መታች። እንባዋ ድንጋዩን አጠበው፣ ፊደሉ ጠራ።

ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ እንዲህ አላት። «የኔ እናት፣ ለዚህ ሰው ያለቀሰለት ፍጥረት እስከ ዛሬ የለም። እግዜር ይስጥሽ። ክፉ እንግሊዝ ነበር አሉ።»

ደብሪቱ ተነሣች። ነጠላዋን መሬት ላይ ጣለችና በአያቷ ፋንታ ረገጠችው።

«ታዲያ የኔው የታለ?»

«ድንጋይ የሚተክልለት ያጣ ሁሉ እዚያ ጥግ ነው» አለ ዘበኛው። ጥጉ ላይ ሣር ብቻ ነበር። ሣር፣ ሣር፣ ሣር። የአገሩን እህል ሁሉ ስትለይ የኖረች ሴት የራሷን አፈር መለየት አቃታት።

ተመለሰች። የቀረው መልኩ ነው። በባላምባራስ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር፤ በአገሩ ከዚያ ሌላ ፎቶ አልነበረም። ወፍጮው የተመረቀ ዕለት መንደሩ በሙሉ ወፍጮው ፊት እንደ ቆመ ያሳያል። ከዓመት በኋላ አንድ ነጋዴ ከከተማ በጨርቅ ጠቅልሎ ለግራዝማች ውቤ ያመጣላቸው ነው። ከማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ለትልቅ ሰው ትልቅ ነገር ቢመጣ ምን ይገርማል?

«ባላምባራስ፣ ፎቶውን አንድ ጊዜ ልየው» አለች።

«መጀመሪያ ጎተራዬን አበጥሪ» አሏት። ያ ጎተራ ምን ያህል እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ታች የገባ ሰው እህሉን እየበላ፣ መንገድ እያበጀ ነው የሚወጣው። አበጠረች። እንክርዳዱን ለቀመች። ጣቷ ደማ፣ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ሰፌዷን በብብቷ አድርጋ ደጃፍ ቆመች። የባላምባራስ ባለቤት ወይዘሮ ላቀች ፎቶውን አውርደው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው ሰጧት።

ደብሪቱ አየች። ግራዝማች ውቤ ጎራዴ ታጥቀዋል። ቄሱ ጥላ ዘርግተዋል። የግራዝማች ውሻ ከፊት ተቀምጧል። ሰዉ ሁሉ እጁን አጣጥፎ፣ ቅዳሴ ላይ እንደ ቆመ ጸጥ ብሏል። ወለቴም አለች፣ ልጅ እግር። ከሁሉ እሷ ብቻ ትስቃለች። ፊት ለፊቷ የምትወደው ሰው የቆመ ይመስል ትስቃለች።

ባርኔጣ ያደረገ ሰው ግን የለም። ጤፍ የተበተነበት ፊት የለም። ከውሻው እግር ሥር አንድ ጥቁር ነገር ተጋድሟል፤ አናቱ እንደ ሰፌድ ሰፊ ነው። እድፍ መሰላትና በደማው ጣቷ ጠረገችው። አልለቅ አለ።

«አየሽ አይደል?» አሉ ባላምባራስ። «አገሩ በሙሉ አለ። ውሻው ሳይቀር አለ። ያንቺ ፈረንጅ የታል?»

ደብሪቱ ፎቶውን መለሰች።

ጥር መጣ። ገዳም እገባለሁ ያለው ታፈረስ? አባቱ የወይዘሮ ልጅ አጩለት፣ ገዳሙን ረሳው። አስካለ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ ቆላ ወረደች። ስትሄድ ዞራ አላየችም። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ አልመጣም። ለታፈረ ሠርግ የጠላውን ገብስ የሚያበጥር ሰው ሲፈለግ ማንን ጠሩ? ደብሪቱን። ሄደች። አበጠረች። እንክርዳዱን ለቀመች። ሰፌዷን በብብቷ አድርጋ ወደ ባዶ ቤቷ ተመለሰች። ባላምባራስ፣ «እጅሽ ይባረክ» አሏት አሉ። እንዲህ ያለ ምርቃት ለጠላቴም አይድረስ።

ኖረች፣ አረጀች። ባገኘችው ሰው ሁሉ ፊት፣ «አያቴ ዶናል ነው» ከማለት ግን አልቦዘነችም። ከሚስቁባት ጋር አብራ ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን የምትስቅ አይመስለኝም።

አሁን ሂዱና ቆቅ ውኃን እዩ። እዚያ ፎቶ ማስነሣት ቀልድ አይደለም። ባለ ካሜራው መጥቶ ካሜራውን ከማቆሙ በፊት፣ ከሚነሡት ሰዎች መሐል አስገብተው ያቆሙታል። «ስምህ ማነው? አባትህ? አያትህ?» ይሉታል። ሁሉም ስሙን እየጮኸ ይደግመዋል። ከዚያ ነው ሄደህ አንሣን የሚባለው። አንድ የከተማ ልጅ ሠርግ ሊያነሣ መጥቶ፣ «አያቴን አላውቀውም» ቢላቸው አብልተው፣ አጠጥተው፣ ከእነ ካሜራው ሸኙት። ሙሽሮቹ እስከ ዛሬ ፎቶ የላቸውም። ስሙ ከተጠራም በኋላ ካሜራው ቀጭ ሲል ሰዉ በሙሉ «አሜን» ይላል። ከደብሪቱ በፊት ይህ ልማድ አልነበረም። የመጣውም በቀብሯ ዕለት ነው።

በዚያ ዓመት ወይዘሮ ላቀች ዓይናቸውን ሊታከሙ ከተማ ወርደው ነበር። በዚያውም ፎቶ ተነሥተዋል። ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ አንሺው ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ከሳጥኑ ጀርባ ጎንበስ አለ። ሲመለሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ደጋግመው ሲያዩ ሰነበቱ። ምነው ያላቸው የለም።

ደብሪቱ ሞተች። ለቅሶ ተቀመጠ። አልቃሽዋ የሟቿን ዘር እያነሣች ታወርዳለች፤ «የእንኮዬ ልጅ፣ የዶናል የልጅ ልጅ…» ስትል ባላምባራስ ምርኩዛቸውን አነሡ። ሪዛቸው ነጥቷል፣ አፋቸው ግን እንደ ድሮው ነው።

«ተይ! በሬሳ ፊት አትዋሺ! ፎቶው ይምጣ!» አሉ። ፎቶው መጣ። ከሬሳው ራስጌ አቆሙት።

«እዩ!» አሉ። «አያቴ፣ ቄሱ፣ ገበሬው፣ ሴቱ፣ ውሻው! የዚያን ዕለት ቆቅ ውኃ ውስጥ የነበረ ነፍስ በሙሉ እዚህ አለ። ከዚህ ውጪ ሌላ ሰው አልነበረም!»

ወይዘሮ ላቀች ከሴቶቹ መሐል ነበሩ። ያን ፎቶ ሙሽራ ሆነው ከገቡበት ቀን ጀምሮ ሲጠርጉት ኖረዋል። በባላቸው ፊት አፋቸውን ከፍተው አያውቁም። ያን ዕለት ግን ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጥ አደረጉና አመለጣቸው፦

«ኧረ ጌታዬ! ሰዉ ሁሉ፣ ውሻው ሳይቀር፣ እዚህ ተደርድሮ ከቆመ፣ ፎቶውን ማን አነሣው?»