ሌሊት የሚቆርጠው ጎራዴ

ተረት ልንገራችሁ፤ አጭር ናት፣ መንገዷ ግን ጠመዝማዛ ነው።

ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረች። ከታመመች ወዲህ እግሯ አያቆማት፣ ሌሊቱም አይነጋላት። አባቷ ዳምጤ በሕይወት ሳለ፣ ሌሊት ስለሚቆርጥ ጎራዴ ያወራላት ነበር፤ እንደ ጨረቃ የጎበጠ፣ አንዴ ሲሰነዘር ጨለማውን ከፍሎ ንጋትን የሚያስገባ። አንድ ጠዋት እናቷን አትጠገብን፣ "እማ፣ ያን ጎራዴ ሥሪልኝ" አለቻት።

"እሱ እኮ የተረት ነው፣ ልጄ።"

"የተረት ከሆነማ ከእንጨትም ይሆናል።"

የስንዱ ክንድ እንደ ሸንበቆ ቀጥኗል። አትጠገብ ለዚህ ክንድ የሚቀል እንጨት አስባ ከጓሮ ኮርች ቆርጣ አመጣች። "ኮርች ሆይ፣ ጎራዴ ሁንልኝ" አለችው። ኮርቹም፣ "በጥፍርሽ ልትጠርቢኝ ነው? መሮ ካልነካኝ አልሆንም" አላት። ኮርቹ ጎራዴ አይሆን፣ ስንዱም ሌሊቱን አትቆርጥ።

ከአናጢው ከጋሽ ታከለ መሮ ተዋሰች። መሮው ኮርቹን ቢነክሰው ጥርሱ አልገባ አለ። "ደንዣለሁ፤ ድንጋይ ሳይስለኝ አልጠርብም" አላት።

"የእኔ መሳያ ተሰብሯል" አሏት ጋሽ ታከለ። "ደህና ድንጋይ ያለው የሺመቤት ቤት ነው። ልጇ ከሞተ ወዲህ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃታል?" መሮው አይጠርብ፣ ኮርቹ ጎራዴ አይሆን፣ ስንዱም ሌሊቱን አትቆርጥ።

ድንጋዩ ከየሺመቤት ደጃፍ ተቀምጧል። "ድንጋይ ሆይ፣ መሮዬን ሳልልኝ" ብትለው፣ "የሟቹ ልጅ ድንጋይ ነኝ፤ እናቱ ካልፈቀደች አልስልም" አላት። ድንጋዩ አይስል፣ መሮው አይጠርብ፣ ኮርቹ ጎራዴ አይሆን፣ ስንዱም ሌሊቱን አትቆርጥ።

የሺመቤት ከጥቁር ነጠላዋ ሥር ቀና አለች። "አንቺ ነሽ? ልጄ ሲቀበር አገር ሁሉ መጣ፣ አንቺ ቀረሽ።"

"ስንዱን ለማን ጥዬ ልምጣ፣ እትዬ?"

"ከቀብሩስ በኋላ? አርባው እስኪወጣ በሬ ክፍት ነበር። ለቅሶዬን ላልደረሰ ሰው ድንጋዬ ከደጄ አይወጣም። አልቅሺልኝና ውሰጂ።"

አትጠገብ መሬት ቁጭ ብላ ደረቷን መታች። ዓይኗ ግን ደረቅ ነው።

"ደረትማ ሁሉም ይመታል፤ እኔ የጠየቅሁሽ እንባ ነው" አለቻት የሺመቤት።

"እንባዬ ሆይ፣ ውረድልኝ" ብላ ብትለምነው፣ እንባዋ፣ "ዳምጤ የሞተ ዕለት፣ ልጄ እንዳትሰማ ብለሽ የዋጥሽኝ አንቺ ነሽ። አሁንም ልጅሽ ትፍቀድልኝ" አላት። እንባው አይወርድ፣ የሺመቤት አትፈቅድ፣ ድንጋዩ አይስል፣ መሮው አይጠርብ፣ ኮርቹ ጎራዴ አይሆን፣ ስንዱም ሌሊቱን አትቆርጥ።

ባዶ እጇን ተመልሳ የሆነውን ሁሉ ለልጇ ነገረቻት። ስንዱ ጣራ ጣራውን እያየች ሰማቻት።

"አባዬ ሲሞት ያላለቀስሽው ለእኔ ብለሽ ነው?"

"እንዳትፈሪ ብዬ።"

"እኔ እኮ የፈራሁት ስላላለቀስሽ ነው። የረሳሽው መሰለኝ። እኔም ብሞት እንዲሁ ዝም የምትዪ መሰለኝ።" ቀጭን እጇን አንስታ የእናቷን ጉንጭ ነካች። "አልቅሺ፣ እማ።"

ያኔ እንባው ወረደ። አትጠገብ ልጇን አዝላ፣ እያለቀሰች የሺመቤት ደጅ ደረሰች። ለሟቹ ልጅ አለቀሰች፤ ለዳምጤ አለቀሰች፤ ጀርባዋ ላይ ላለችውም፣ ስሟን ሳትጠራ፣ አለቀሰች። የሺመቤትም አብራት አለቀሰች፤ ስንዱን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስተኛቻትና፣ "ውሰጂው" አለች። እንባው ወርዶ የሺመቤት ፈቀደች፣ የሺመቤት ፈቅዳ ድንጋዩ ሳለ፣ ድንጋዩ ስሎ መሮው ጠረበ፣ መሮው ጠርቦ ኮርቹ ጎራዴ ሆነ።

ቤታቸው ተመልሰው ሲጨልም ስንዱ ጎራዴዋን በሁለት እጇ አነሳች። አንዴ ሰነዘረችና ክንዷ ዛለ።

"ቆረጥሁት?"

"ትንሽ ቀርቶታል፣ ልጄ።"

"የቀረውን አንቺ ቁረጪልኝ" ብላ ጎራዴውን ለእናቷ ሰጠቻትና ዓይኗን ከደነች።

አትጠገብ ጎራዴውን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እንባዋንም አልጠረገችም። ተረቴም ይችው ናት፤ የተኛችውን እንዳትቀሰቅሷት ቀስ ብላችሁ ውጡ።