አቶ ቢሰጥ ለሽምግልና ወደ አፍዴራ ሲሄዱ

አንድ ቀን የሎጊያው ነጋዴ አቶ ቢሰጥ ለወንድማቸው ልጅ አንዲት ልጃገረድ ለሚስትነት ሊጠይቁ ወደ አፍዴራ ለመሄድ ተነሡ። ስማቸው ቢሰጥ ይባል እንጂ ሰጡ ሲባል የሰማ የለም። «ሰላምታ እንኳ ሲሰጡ ግማሹን መልሰው ይወስዳሉ» እያለ የሰፈሩ ሰው ይቀልድባቸዋል።

የልጅቷ አባት አቶ ጓንጉል አፍዴራ ላይ ጨው የሚያመርቱ፣ በቀጠሮ ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ኑ። ከጠለቀች በኋላ የሚመጣ ሽማግሌ ደጄን እንዳይረግጥ!» ብለው ልከዋል። ያንን መልእክት የሰማው የወንድማቸው ልጅ ጭንቅ ጥብብ ብሎት፣ አቶ ቢሰጥን ጉልበት ስሞ ነው የሸኛቸው። ልጅቷን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚወዳት።

ሹፌራቸው ይመር ይባላል። መኪና ሲነዳ ቀስ ይላል፤ ምላሱ ግን ፍሬን የለውም።

አቶ ቢሰጥ ሁለት መኪና አላቸው፤ ሁለቱም ፎር ዊል፤ አንዱ የናፍጣ፣ አንዱ የቤንዚን።

«ጋሼ፣ በናፍጣው እንሂድ» አለ ይመር። «በዚያ በረሃ ማደያ የሚባል ነገር የለም። ቢጎድለን እንኳ መንገዱ የጨው መኪና መንገድ ነው፤ የጨው መኪና ደግሞ ሁሉም ናፍጣ ነው የሚጠጣው። ለምነንም ቢሆን እንቀዳለን። ቤንዚን ግን ማን አለው?»

«የቤንዚኑ መኪና ውስጥ ካለፈው የተረፈ ነዳጅ አለ» አሉ አቶ ቢሰጥ። «እሱን ቁጭ አድርገን ሌላ እንቅዳ? ይተናል እኮ!»

«እሺ፣ በሱ እንሂድ። ግን ሞልተነው፣ በላዩ ላይ ጀሪካን እንጫን። አሸዋ ውስጥ በከባድ ማርሽ ሲሄድ የሚጠጣው እጥፍ ነው። መንገድ ተዘግቶ ብንዞርስ? መመለሻውስ?»

«መመለሻውን እዚያው እናስብበታለን። ጀሪካን ደግሞ ይከብዳል። ያንን ክብደት ለመሸከም መኪናው ትርፍ ነዳጅ ይጠጣል። አየህ ይመር፣ ነዳጅ ባልያዝን ቁጥር ነዳጅ እንቆጥባለን!»

«እንዲህ ከሆነማ ባዶውን ብንሄድ ይተርፈናላ!» አለ ይመር።

አቶ ቢሰጥ ነገሩን ከልባቸው ትንሽ አሰቡበት።

ጉዞ ተጀመረ። ገና ከከተማው ሳይርቁ ይመር እጁን ወደ አየር ማቀዝቀዣው ሲሰድ «ተው፣ ነዳጅ ይበላል!» አሉት። መስኮቱን ከፈተ። «ዝጋው፣ ነፋስ ይዞ ያስቀረናል!» አሉት። ዘጋው። ያ በረሃ በመስታወቱ በኩል እየገባ እንደ ድንች ይቀቅላቸው ጀመር። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር «ሞተሩን አጥፋ! ቁልቁለት ነፃ ነው!» ይላሉ። አንዲት ግመል መሐል መንገድ ላይ ተገትራ አልነቃነቅ ስትል፣ ይመር ጡሩምባ ሊነፋ እጁን አነሣ።

«ተው! ተው!» ብለው እጁን ያዙት። «ውረድና በአፍህ ንገራት!»

ወርዶ ነገራት። ግመሏም አላሳፈረችውም፤ ሄደችለት።

እኩሌታውን ካለፉ በኋላ ግን ነፋሱ አሸዋውን አምጥቶ አስፋልቱ ላይ ከምሮት አገኙት። ማለፊያ የለም። ፎር ዊሉን አስገብተው በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል፣ በአሸዋው ላይ መዞር ሆነ። መኪናው ያጓራል፣ ይንገዳገዳል፣ ይጠጣል። የነዳጁ ቀስት ወርዶ ወርዶ ጋደም አለ። ዙሩን ጨርሰው አስፋልቱን እንደያዙ መኪናው ሦስቴ አስሎ ጸጥ አለ።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች። አቶ ቢሰጥ አንዴ ፀሐይዋን፣ አንዴ መኪናውን ያያሉ። ጉልበታቸውን ስሞ የሸኛቸው ልጅም ትዝ አላቸው። ለነገሩ እሳቸውም ልጁን ይወዱታል፤ ወጪ የለውም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የጨው መኪና ባዶውን ወደ አፍዴራ ሲበር ደረሰ። ሹፌሩ ያሲን የሚባል ሎጋ ጎልማሳ ነው። ቆሞላቸው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ነዳጅ አለቀብን» አለ ይመር።

«ናፍጣ ከሆነ በርሜል ሙሉ አለኝ። በነፃ ውሰዱ።»

«በነፃ» የምትለዋ ቃል አቶ ቢሰጥን ከተቀመጡበት አስፈናጠረቻቸው። «ቅዳ! ይመር ቅዳ! ጀሪካን የታለ?»

«ጀሪካን አልያዝንም፤ ቢኖረንም አይሆንም ጋሼ። የኛ ቤንዚን ነው የሚፈልገው።»

«ናፍጣም ነዳጅ፣ ቤንዚንም ነዳጅ! ምን ልዩነት አለው?»

«ውኃም ነጭ፣ አረቄም ነጭ ነው። ለሕፃን የትኛውን ይሰጣሉ?»

ያሲን ፈገግ አለ። ይመር ወደሱ ዞሮ «እባክህ ወንድሜ፣ ጎትተን» ሲለው ግን ፈገግታው ጠፋ። «ከዚህ ወዲያ ሌላም አሸዋ አለ። እናንተን ስጎትት የኔም ተቀብሮ ይቅር? ደግሞ ቸኩያለሁ፤ ጨው ጫኞቹ ሳይበተኑ መድረስ አለብኝ። አላህ ያውጣችሁ!» ብሎ ማርሽ አስገባ።

ይኼኔ አቶ ቢሰጥ ፈነዱ። ጋቢያቸውን መሬት ላይ ወርውረው ይመር ላይ መጮህ ነው።

«አንተ ነህ ጉድ የሠራኸኝ! ነጂ ነኝ ትላለህ? ነጂ ብትሆን ኖሮ ታደርሰኝ ነበር!»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ...»

«ዝም በል! ነደድኩ! ሰማህ ይመር? ነደድኩ! ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ ነው የነደድኩት! እኔ እንዲህ እየነደድኩ አንተ ተገትረህ ታየኛለህ? በል አሁኑኑ አንድ ነገር አድርግ!»

ይመር ወደ መኪናው ጎን ሄደ። የነዳጅ መሙያውን ክዳን ፈቶ ከፈተ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ እንግዳ ወደ አዳራሽ እንደሚያስገባ አሳላፊ ጎንበስ አለና በእጁ ቀዳዳውን እያመለከተ፦

«እሰይ ጋሼ! እኔ ነጂ፣ እርስዎ ነዳጅ! ይግቡና እንሂድ!»

ሊሄድ የነበረው ያሲን ይህን ሲሰማ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሆዱን ይዞ እየተንከተከተ ገመድ ሊያወጣ ወረደ፤ ጀንበር ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት አቶ ቢሰጥ ከጨው መኪና ኋላ እየተጎተቱ አፍዴራ ገቡ፣ ልጅቷም ተፈቀደች።