በሩን የሚይዝ የጠፋበት ሰርግ

አንድ ነጋዴ አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ ስሟ ትርንጎ ይባላል። ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ስለሞተችባት ያሳደገቻት የአባቷ እህት ደብሪቱ ናት። ትርንጎ ከልጅነቷ ጀምሮ ውብ ነገር የምትወድ፣ የተዛነፈ ነገር ስታይ የማያስችላት ልጅ ነበረች። የእንግዳ ነጠላ ከተጣመመ እንግዳውን ሳታስፈቅድ ብድግ ብላ ታስተካክላለች። አክስቷ ደግሞ የእሷ ተቃራኒ ናት። ደብሪቱ ስትስቅ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ስታለቅስም እንደዚያው። እንዲህ ባይመሳሰሉም አንዷ ያለ ሌላዋ እህል አይወርድላትም ነበር።

ትርንጎ ስታድግ አንዳርጌ ለሚባል የማዶ ከተማ ወጣት ታጨች። ልጁን ወዳዋለች፤ ያሳሰባት ሰርጉ ነው።

«አባዬ፣ የእኔ ሰርግ እንደ ሰው ሁሉ ሰርግ ግፊያና ጫጫታ እንዲሆን አልፈልግም» አለችው። «ጭምት፣ የተዋበ፣ ያየው ሰው ሁሉ በአድናቆት የሚያወራለት ሰርግ ነው የምፈልገው።»

«እንዲህ ያለ ሰርግ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«የትም አላየሁም። ከየሰርጉ ጥሩ ጥሩውን ብለቅም ግን ይገኛል።»

ነጋዴው ገበያ ላይ ፊቱ የማይፈታ ሰው ቢሆንም ልጁን እምቢ ማለት አይችልም። በቅሎ አስጫነና ከአክስቷ ጋር ላካት።

ወሩ ጥር ነበር፤ ሰርግ ያልተደገሰበት መንደር አይገኝም። ሁለቱ ሴቶች ከአንዱ ዳስ ወደ ሌላው ዳስ ሲዞሩ ከረሙ። በአንድ ባላባት ቤት ትርንጎ ከላይ እስከ ታች በነጭ ሸማ የተሸፈነ ዳስ አየች፤ ልቧ ወደደው። በአንድ ዳኛ ቤት እንግዳው ሳይጋፋ በየማዕረጉ ሲቀመጥ አይታ እሱንም ያዘች። በአንድ ሸማኔ ቤት ደግሞ ጥለቱም ነጭ፣ መደቡም ነጭ የሆነ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ አየችና እዚያው ቆማ ቀረች። ከሌላ ቦታ በለሆሳስ የሚጫወት ባለ ማሲንቆ አገኘች።

አንድ ነገር ብቻ በሄደችበት ሁሉ ያበሳጫታል። እንደ አገሩ ልማድ ሙሽራው ሲመጣ የሙሽራዋ ወገኖች በሩን ይይዛሉ። ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ይለምናሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ ይገፋሉ፤ እነዚያ ደግሞ «አናስገባም!» ብለው መልሰው ይገፋሉ። ነጠላ ይቀደዳል፣ ጫማ ይጠፋል፣ የተሠራ ጸጉር ይበተናል። ትርንጎ ይህን ባየች ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች።

ዓይኗን ስትገልጥ ደግሞ አክስቷን አጠገቧ አታገኛትም። ደብሪቱ ሙሽራዋን አታውቃት፣ ሙሽራውን አታውቀው፣ ከማያውቋት ሴቶች ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥማ በር ትይዛለች!

«እትዬ፣ በሰው ሰርግ አንቺ ምን አገባሽ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ በር ሲያዝ እጄን አጣጥፌ መቆም አልችልበትም» ትላለች ላቧን እየጠረገች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ትርንጎ የለቀመችውን ሁሉ ለአባቷ ነገረችው። መጨረሻ ላይ «በሬ ግን አይያዝም» አለች። «ወለል ብሎ ይከፈት። ሴቶቹ በሁለት ረድፍ አንገታቸውን ደፍተው ይቁሙ፤ ሙሽራው በጸጥታ ይግባ። እትዬ፣ አንቺ ደግሞ እልፍኝ ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ትያለሽ። እንዳታሳፍሪኝ አደራ።»

ደብሪቱ ይህችን ልጅ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት የዚህን ቀን በር እያሰበች ነበር። ግን «እሺ ልጄ፣ ቀኑ ያንቺ ነው» አለች።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ነጭ በነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል። እንግዳው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ፣ አንድ ነገር እንዳይነካ የፈራ ይመስል እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ባለ ማሲንቆው ለራሱ እንኳ በማይሰማው ድምፅ ይጫወታል። ትርንጎ በእልፍኙ መስኮት አየችና እንዳለመችው ሆኖ ስላገኘችው ደስ አላት።

ብዙም ሳይቆይ የሙሽራው አጃቢዎች ዘፈን ከሩቅ ተሰማ። ሚዜዎቹ ለበሩ ትግል ሲዘጋጁ ሰንብተዋል፤ ሽቶውም ግጥሙም ሞልቷል። እየጨፈሩ መጥተው አጥሩ ዘንድ ሲደርሱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሚገፋም የሚከለክልም ሰው የለም። ዘፈኑ መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከኋላ ጸጥ አለ።

የሙሽራው አያት አያ ጓንጉል ዘንጋቸውን አነሡ። «ቁሙ! ማንም እንዳይገባ!»

ነጋዴው ሮጦ ወጣ። «ምነው አባቴ? ግቡ እንጂ፤ በሩ ክፍት ነው።»

«እኔንም የገረመኝ መከፈቱ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ስንት ሰርግ አጅቤያለሁ፤ እንዲህ 'ኑና ውሰዷት' የተባለላት ሙሽራ ግን አይቼ አላውቅም። ልጂቱ ምን ብትሆን ነው የሚሳሳላት ወገን ያጣችው? ወይስ እኛን ንቃችሁ ነው? ይህ ሳይገባኝ የልጅ ልጄ ይህን ደፍ አይረግጥም።»

ከአጃቢዎቹ መካከል «አንድ ነገር ቢኖር ነው እንጂ» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። አንዱ የበቅሎውን ልጓም ወደ መጣበት አዞረ። አንዳርጌ መሐል ላይ ቆሞ አንዴ አያቱን፣ አንዴ በሩን ያያል፤ ያያቱን ቃል ረግጦ መግባት በአገሩ አልተለመደም።

እልፍኝ ውስጥ ትርንጎ ሁሉንም ሰምታለች። ስትመኘው የከረመችው ጸጥታ ይኸው መጣላት፤ እንዲህ የሚከብድ መሆኑን ግን አላወቀችም ነበር። ሰርጉ ሊፈርስ ነው፤ ሰውም ዕድሜ ልኳን «በር የሚይዝላት ያጣችው» ሊላት ነው። ዘወር ብላ አክስቷን አየቻት። ደብሪቱ እንደታዘዘችው ቁጭ ብላለች፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ እጆቿን አጣጥፋ፣ እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል።

«እትዬ» አለች ትርንጎ፣ «በሬን ያዢልኝ!»

«ምን አልሽ?»

«ያዢልኝ አልኩ! ዝም ብለሽ አትስጪኝ!»

ደብሪቱ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ በሁለቱ ረድፍ ሴቶች መካከል እየሮጠች አለፈችና በሩን በሽማግሌው አፍንጫ ላይ ድርግም አደረገችው።

«ወዴት! ወዴት! ማንን ልትወስዱ ነው?» ድምፅዋ ከተማውን አናወጠው። «በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋትን? እንኳን በበቅሎ፣ በክንፍ ብትመጡ አትገቡም!»

ከበሩ ውጭ አያ ጓንጉል ዘንጋቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቁ። «በሉ ልጆች፣ አሁን ገና ከሰው ቤት ደረስን! ግፉ!»

አንገታቸውን ደፍተው የነበሩት ሴቶች እልል እያሉ በሩ ላይ ተረባረቡ። በየማዕረጋቸው የተቀመጡት እንግዶችም ማዕረጋቸውን ትተው መጡ። ባለ ማሲንቆው እንደ ልቡ ገዘገዘው። ሽቶው ተረጨ፣ ነጩ ሸማ ተተረተረ፣ የአያ ጓንጉል ጥምጥም የት እንደገባ ጠፋ። ወጡ ሁለት ጊዜ ቀዝቅዞ ሁለት ጊዜ ተሞቀ። ትርንጎ እልፍኟ ውስጥ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ ኩሏ ጉንጯ ላይ መውረዱ ትዝም አላላት። አንዳርጌ በመጨረሻ ጸጉሩ ቆሞ፣ ካባው ተጣሞ፣ በአንድ እግሩ ጫማ ገባ። ትርንጎም እንዲህ አምሮበት አይታው እንደማታውቅ አሰበች፤ ካባውንም አላቃናችለትም።

ሙሽሮቹ የሚሄዱበት ሰዓት ሲደርስ ደብሪቱ ጠጋ አለች። ድምፅዋ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። «ይቅር በዪኝ ልጄ» አለች በሹክሹክታ። «ያን ሁሉ የደከምሽበትን ሰርግ አበላሸሁብሽ።»

ትርንጎ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «እትዬ፣ ባትይዢኝ ኖሮ እንዴት ብዬ እሄድ ነበር? የሚይዘው ያጣ ሰው ይጠፋል እንጂ ተሸኘ አይባልም።»

ወዳጆቼ፣ በነጩ ሸማ ላይ አንዳች ነቀፋ የለንም፤ ውብ ነበር። ለደስታ ቀን መጨነቅም ደግ ነው፤ ከሰው አይቶ መማርም ነውር የለበትም። ጌጥን ከየአገሩ መልቀም ይቻላል፤ የሚሳሳልንን ሰው ግን ከሌላ ቤት ለቅመን አናመጣውም። የሰርግ ግርማ ያለው በዚያ ሰው ድምፅ ውስጥ ነው፤ ድምፁ ቢጎረብጥም እንኳ።

እስቲ ለአፍታ እናስብ፤ በክብራችን ቀን እንዳያሳፍረን ብለን «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ያልነው ሰው ማን ነው? ያ ሰው ሰምቶን ዝም ቢል በራችንን ማን ይይዝልናል?