የማይሟሟው የወርቅ ዕቃ

የእድራችን የአስታራቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ይርዳው የኔታ ዘንድ መጥተው፣ «ጠቡ በረደ፤ ታዲያ ኮሚቴው ይፍረስ የሚሉን ለምንድን ነው? ቢሮና ማኅተም ቢሰጠን ማንን ይጎዳል?» ሲሉ ጠየቁ። የኔታም እንዲህ አሉ፦

አንድ ጉልበቱ ያበጠ ሀብታም ነበረ። ያሳበጠው የውጭ ጠላት አልነበረም፤ ደሙ ውስጥ ያሉት የገዛ ዘበኞቹ ጌታቸውን ሌባ መስሏቸው ይደበድቡት ነበር። ሰውየው ከሁሉ አብልጦ የሚመኘው በሰሙነ ሕማማት እንደ ሰው መስገድ ነበር፤ ጉልበቱ ግን አልታጠፍ አለ። የሚውጠው መድኃኒትም ጉልበቱን ፈልጎ ሳያገኝ ጨጓራውን አቃጠለው።

አንዲት ሐኪም መድኃኒቱን ከዱቄት በደቀቁ ዕቃዎች ውስጥ አድርጋ በመርፌ ጉልበቱ ውስጥ ከተተችው። ዕቃዎቹ መድኃኒቱን በአንዴ አልደፉትም፤ ለበሽተኛ አጥሚት እንደሚሰጥ ሰው ጥቂት በጥቂት አቀረቡት። ዘበኞቹ ተረጋጉ፣ እብጠቱም ሟሸሸ። ሀብታሙ ሰገደ፤ አጠገቡ ያለው ሰውዬ «ቀስ በል እንጂ፣ ለእኛም ቦታ ተው» እስኪለው ድረስ ሰገደ።

ከዚያ ወደ ሐኪሟ ሄደ።

«ልጄ፣ ጎረቤት ምግብ የላከበትን ዕቃ ባዶውን መመለስ በእኛ ቤት ነውር ነው። መድኃኒቱ የመጣበትን ስጪኝና ወርቅ ሞልቼ ልመልሰው።»

«የለም እኮ አባባ። መድኃኒቱን ሲጨርስ ራሱም ሟሟ። ውሃና ትንፋሽ ሆኖ ወጣ።»

«ሳይሰናበት?»

«ሳይሰናበት።»

እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እገረማለሁ። ሥራውን ሲጨርስ የሚሄድ ሌላ ምን አለ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ዝናብ ብቻ ትዝ አለኝ፤ እሱም አንዳንዴ ይቆያል።

ሀብታሙ ግን አዘነ። እንዲህ ያለ ባለውለታ ያለ መታሰቢያ መቅረት የለበትም አለ። ሕመሙ የሚመለስ ዓይነት ነበርና ጉልበቱ እንደገና ሲያብጥ፣ የማይሟሟ የወርቅ ዕቃ እንድታደርግለት ሐኪሟን ለመናት።

«ወርቁ ሥራውን ሲጨርስ የት ይሄዳል?» አለችው።

«የትም አይሄድማ። ክብሩ እሱ አይደል?»

እምቢ አለችው። እሺ የሚል ሌላ ባለሙያ ግን አላጣም።

የወርቁ ዕቃ መድኃኒቱን በሚገባ አደረሰ፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው። ከዚያ ተቀመጠ። ሀብታሙም እንግዳ በመጣ ቁጥር ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን ማስጎብኘት ጀመረ። ዘበኞቹም መጥተው ጎበኙት። «ይኼ ደግሞ ማነው? ምን ሊሠራ ነው የተቀመጠው?» አሉ። መልስ ሲያጡ ዱላቸውን አነሱ። ጉልበቱ ከበፊቱ ብሶ አበጠ፤ ሕማማት ሲደርስ ሕዝቡ ሁሉ ሲሰግድ እሱ ከነወርቁ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር።

እንግዲህ ልጄ ይርዳው፣ ያበጠው ጉልበት እድራችን ነው። አንተና ጓደኞችህ እርቅ ይዛችሁ የገባችሁት ደቃቅ ዕቃዎች ናችሁ። ሥራችሁ ያስደንቃል፤ እኔ ብሆን አልችለውም ነበር። ቢሮውና ማኅተሙ ግን ወርቁ ነው። የተጣላ ሰው ሲጠፋ ሰዉ «እነዚህ ምን ሊሠሩ ነው የተቀመጡት?» ይላል፤ ያን ጊዜ ጠቡ እናንተው ትሆናላችሁ። ስለዚህ ሟሙ። ማን እንዳስታረቃቸው ቢረሱት አትዘን። ጉልበትም ማን እንዳዳነው አያውቅም፤ ይታጠፋል እንጂ።