ከአፉ የተመለሰ እፍኝ

በአንድ ወቅት፣ ክፉው ቀን አልፎ ሰው እንደገና ቁርስ መብላት በለመደበት ዘመን፣ ወይራ አፋፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ወይዘሮ ስንዱ የሚባሉ ባልቴት ከሦስት ሴት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? እንደ እሳቸው ጓዳው የተሰናዳ ሰው በከተማዋ አልነበረም። ገበያ ሲወጡ ለዕለቱ ያሰቡትን ብቻ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሌላውን ቤት ይተዋሉ፤ ቋጠሮው ካለቀ ከሰማይ መና ቢወርድ ዞር ብለው አያዩም። ሽንኩርት ሲረክስ ገዝተው ቆጥ ላይ ያሰጡታል፤ ሲወደድና አገር ሲያማርር ከቆጡ ያወርዳሉ። ጎረቤት «ስንዱ ቤት ዝንብ እንኳ ጾሟን ነው የምትውለው» እያለ ያማቸዋል። ወሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያው ጎረቤት ጣሳ ይዞ በራቸው ላይ ይቆማል።

ከልማዳቸው ሁሉ የሚበልጠው የእፍኙ ነበር። ለድስትም ይሁን ለወፍጮ እህል ሲሰፍሩ፣ ከሰፈሩት ላይ አንድ እፍኝ አንስተው ከጓዳው በር ጀርባ ወዳለችው ትንሽ ጎታ ሳይመልሱ አይነሱም። «ድስት እፍኝ አይለይም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጥጋብ ባለበት ቤት አይለይም።

ባላቸው አቶ ይመኑ ግንበኛ ነበሩ። በክፉው ዓመት ግንብ የሚያስገነባ ሰው ጠፋ። እሳቸው ግን ማልደው ይወጣሉ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ፤ ገበታ ሲቀርብ ከግድግዳው ጥግ ቁጭ ብለው «እናንተ ብሉ፤ እኔ ውጭ በልቻለሁ» ይላሉ። ሁሉም አመኗቸው፤ ወይም ማመኑ ቀለላቸው። አንድ ቀን ከዚያው ጥግ እንደተቀመጡ ሳይነሱ ቀሩ።

ከቀብር መልስ ወይዘሮ ስንዱ ትንሿን ጎታ ሲከፍቱ ከወገቧ በላይ ሞልታ አገኟት። በዚያ ዓመት እንኳ እጃቸው አላረፈም ነበር። ባላቸው በረሃብ ሲመነምኑ፣ እሳቸው በለመደ እጃቸው፣ ሳያስቡት፣ ከዚያችው ከማትበቃ ስፍር ላይ በየቀኑ እፍኝ ሲመልሱ ኖረዋል። እርግጥ ነው፣ ሦስቱን ልጆች እስከ መኸር ያሻገራቸው ያ እህል ነው። ለተዝካር የሚተርፍ ግን አልነበረም፤ አቶ ይመኑ ያለ ተዝካር ቀሩ።

ድምፁ የጀመረው ጎታዋ ባለቀች ዕለት ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ከተዘጋው የጓዳ በር ጀርባ፣ ጣሳ የባዶ ጎታ ወለል ሲቧጥጥ ይሰማል። ሦስት ጊዜ ቧጠጥ ያደርግና ዝም ይላል። አይጥ ነው ተባለ፤ ድመት አስገቡ። ድመቷ በመስኮት ዘላ ወጣች፤ ወደዚያ ቤት ዳግመኛ አልተመለሰችም። ጸበል ተረጨ። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፁ እንደ ወትሮው ተሰማ። በመጨረሻ ቤተሰቡ ለመደው፤ ድምፁ ሲመጣ ሁሉም ዝም ይላል፣ ሲያበቃ የያዙትን ሥራ ይቀጥላሉ። ወይዘሮ ስንዱ ብቻ አልለመዱትም። በዚያች ሰዓት ሁልጊዜ እጃቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር።

ባላቸው በሞቱ በስድስተኛው ዓመት ወይዘሮ ስንዱ አልጋ ያዙ። ልጆቻቸውን ጠርተው የጓዳውን ቁልፍ ከመቀነታቸው ፈቱና እንዲህ አሉ፦

«ከአፉ የመለስኩትን መልሱለት። ሰባት ዓመቱ ሳያልፍ ተዝካሩን አውጡ። አባታችሁን ያበላች ቁልፉን ትያዝ። ቤቱም የእሷ ነው።»

ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ዐረፉ። ቁልፉ ምሰሶው ላይ ካለ ምስማር ተንጠለጠለ።

ከሦስቱ ቁልፉን አብዝታ የምታየው መካከለኛዋ የውብዳር ነበረች። ትልቋ አስካለ ሙያም አፍም ያላት ናት፤ ልጆቿን ይዛ የትም ብትሄድ ትኖራለች። ትንሿ ትርንጎ ገና ልጃገረድ ናት፤ ነገ የባሏ ቤት አለላት። የውብዳር ግን ከትዳሯ ወጥታ አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ የተመለሰች ናት፤ ከዚህ ጣሪያ በቀር ጣሪያ የላትም። ደግሞ በልጅነቷ እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ እፍኙን ስትመልስ ያደገች እሷ ነበረች። በዚያ በክፉው ዓመት የተመለሰው እፍኝ ስንቱ በእናቷ እጅ፣ ስንቱ በራሷ እጅ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ይህን ለማንም አልነገረችም።

ተዝካር በምኞት አይወጣም። ካህናት አሉ፣ ድሃ አለ፣ አገር አለ። ድሃ ቤት ይህን ሁሉ የሚያበላው ከዓመት ሙሉ አስቤዛ ላይ ቆንጥሮ ነው፤ ሦስቱም እንደየተሰጥኦዋቸው ተነሡ።

አስካለ ገበያውን ያዘች። ቅቤ በሁዳዴ ፈላጊ ሲያጣ ገዝታ አነጠረች፤ በርበሬ በጥቅምት መንገዱን ሁሉ ሲያለብስ ሸመተች። ማልዳ ገበያ የወጣችበት ቀን የለም፤ ገበያው ሊበተን ሲል፣ ሻጭ ጓዙን ወደ ቤት መመለስ ሲታክተው፣ ያኔ ነጠላዋን አጣፍታ ብቅ ትላለች። ጤፉን ያገኘችውም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ ላይ አንዲት የገጠር ሴት ጤፏን ተሸክማ ቆማ ነበር፤ ልጇ ሐኪም ቤት ተኝቶባታል፣ ሰማዩም ያለ ወቅቱ ጠቁሯል። አስካለ ሦስት ጊዜ ጠይቃ ሦስት ጊዜ ትታት ሄደች። በአራተኛው ሴትዮዋ በግማሽ ዋጋ ለቀቀችላት።

«ለምንድን ነው እህቴ?» አለች ሴትዮዋ ጤፉን ስትገለብጥ።

«ለአባቴ ተዝካር።»

«ነፍስ ይማር። እንግዲያ ስለ አባትሽ ነፍስ ትንሽ ጨምሪልኝ።»

አስካለ አልጨመረችም። ቋጠሮው አልቆ ነበር፤ ያልቋጠሩትን አለማውጣት ደግሞ የቤቱ ሕግ ነው። ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፁ ሦስት ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ቧጠጠ ብላ የውብዳር ማለች።

የውብዳር እፍኟን ያዘች። ግን እንደ እናቷ ከቤቱ ስፍር ላይ አይደለም፤ ያን ማድረግ ፈርታ ነበር። ለእህቶቿና ለአስካለ ልጆች የሚበቃውን ሙሉ ሰፍራ፣ የምትመልሰውን ከራሷ ድርሻ አነሣች። ክረምቱ ሲገባ መቀነቷ ወገቧን ሁለቴ ይዞር ነበር፤ መስቀል ሲደርስ ሦስቴ ዞረ። አንድ ቀን ገበታ ቀርቦ አስካለ «ነይ እንጂ፣ ብዪ» ስትላት፣ የውብዳር ሳታስበው «እናንተ ብሉ፤ እኔ ውጭ በልቻለሁ» አለች። ጉርሻው በትርንጎ እጅ ላይ ቀረ። የውብዳር ቃሉን ከአፏ ሰምታ ደነገጠች፤ የተቀመጠችውም ከግድግዳው ጥግ፣ ከዚያው ቦታ ነበር። ቢሆንም በማግስቱ እፍኟን መለሰች። ቀስ በቀስ ትንሿ ጎታ ሞላች፤ የባዶ ጎታ ድምፁ ግን በሰዓቱ መምጣቱን አልተወም።

ትርንጎ ደግሞ የሚጣል ነገር አታውቅም። የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፣ የሽንኩርት ልጣጭ ወጥ ያቀላል፣ የባቄላ ገለባ ለጎረቤት ላም ሄዶ በአይብ ይመለሳል። እህሉን ፀሐይ እያሰጣች፣ ጎታውን እያጠነች፣ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ነቀዝ አላስገባችም። እህቶቿ «አንቺ ጥላሽንም አጥበሽ ሳትለብሽው አትቀሪም» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷ ባትኖር ያ ሁሉ እህል ግማሹ የነቀዝ ተዝካር በሆነ ነበር።

ጥር ገባ። የተዝካሩ ዋዜማ ደረሰ። ጎረቤት ሴቶች እንጀራውን ጋግረው ወጡን ሠርተው ሄዱ፤ ሌማቱ ሁሉ ሞልቶ በጓዳ ተደርድሮ ተከደነ። አስካለና የውብዳር ለካህናቱ ለመንገር ወደ ደብሩ ወጡ። ትርንጎ ለጥበቃ ቀረች።

ከዚህ በኋላ የሆነው እሷ እንደነገረቻቸው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፁ ሊመጣ ይገባ ነበር፤ ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች። ጓዳው ዝም አለ። በዚያችው ቅጽበት የውጭው በር ተንኳኳ። ስትከፍት አቧራ የለበሰ ሰው ቆሟል፤ ከኋላው ድርቅ ከቀያቸው ያፈናቀላቸው ሴቶችና ልጆች መንገዱን ሞልተውታል።

«ለነዚህ ውሃ ስጪልኝ ልጄ» አላት።

«እህል ቀምሳችኋል?»

ሰውዬው ከንፈሩ ነጭ ነበር። «ለነሱ ነው እንጂ፤ እኔ ውጭ በልቻለሁ» አለ።

ትርንጎ ከዚያ በኋላ ያሰበችው ነገር የለም። ቁልፉን ከምሰሶው አወረደች፣ ጓዳውን ከፈተች፣ ሌማቶቹን አንድ በአንድ አወጣች። የመጨረሻው ሕፃን የመጨረሻውን ጥግ እስኪያልስ አበላቻቸው።

እህቶቿ ሲመለሱ ሌማቱ ሁሉ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ አገኙት።

«ምን አደረግሽ?» ብላ ጮኸች አስካለ። «ነገ ካህናቱን ምን ልናበላ ነው? አገሩን ምን ልንለው ነው?»

«እንግዳ መጣ» አለች ትርንጎ።

«ማን? የምን እንግዳ?»

«‹ውጭ በልቻለሁ› የሚል።»

አስካለ ዞራ የግድግዳውን ጥግ አየች። የውብዳር ግን ነጠላዋን ጥላ ወደ መንገዱ ሮጠች። አቧራው ገና አልረገበም ነበር። ማዕዘኑ ላይ ያለውን ባለ ሱቅ ጠየቀችው። ሴቶችና ልጆች አልፈዋል አላት፣ በዚህ በኩል፣ ብዙ ናቸው።

«የሚመራቸው ሰውዬስ?»

«ወንድ አብሯቸው አላየሁም» አለ ባለ ሱቁ።

በማግስቱ ካህናቱ መጡ። ለእነሱም ለአገሩም የቀረበ ነገር አልነበረም። ሰው አጉረመረመ፤ ተዝካር ያለ ካህን፣ ያለ ጸሎት፣ ለመንገደኛ ይሰጣል ወይ ተባለ። የደብሩ አለቃ ግን ልብ ያላቸው ሰው ነበሩ፤ በባዶው ሌማት ላይ ፍትሐቱን አድርሰው ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓዳው ዝም አለ። በሁለተኛው ቀን ዝም አለ። ሰባት ቀን ሙሉ ሦስቱ እህትማማቾች ከበሩ ፊት ቁጭ ብለው አዳመጡ፤ ጣሳው አልቧጠጠም። አባታቸው እንደበሉ ያኔ አመኑ።

እንግዲህ ቁልፉ ቀረ። ሽማግሌ ተቀመጠ።

አስካለ ቆመች። «ያ ሁሉ ሰው የበላው እኔ የሸመትኩትን ነው። ገበያ እየዞርኩ፣ ዋጋ እየሰበርኩ፣ በዚህ ቋጠሮ ተዝካር ያህል ነገር ያመጣሁ እኔ ነኝ። የዚያች ሴት ዓይን አሁንም ይታየኛል፤ ጭካኔውንም የተሸከምኩት ለአባቴ ብዬ ነው» አለች።

የውብዳር ቆመች፤ ለመቆም ግድግዳውን መያዝ ነበረባት። «እናቴ ከአፉ የመለስኩትን መልሱለት ነው ያለችው። ከአፉ የተመለሰውን ከአፌ መለስኩ። እሷ ገዛች፣ ይቺ ሰጠች፤ የተራብኩት እኔ ነኝ» አለች።

ትርንጎ ቁጭ እንዳለች ተናገረች። «እኔ የራሴ የምለው አልነበረኝም፤ የሰጠሁት የእህቶቼን ነው፣ ሳልጠይቃቸውም ነው። ግን በሩ ሲንኳኳ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለነገ ብዬ ከድኜው ቢሆን አባዬ ዛሬም ውጭ በልቻለሁ እንዳለ ይሄድ ነበር» አለች።

አንዱ ሽማግሌ ሳይሸመት ምን ይሰጣል አሉ። ሁለተኛው የድሃ እንባ ያለበት ጤፍ ነፍስ አያጠግብም፣ ያጠገበው የመካከለኛዋ ጾም ነው አሉ። ሦስተኛው እናንተ ስታጠራቅሙ ሟች ሰባት ዓመት ተራበ፣ የጠገበው የተሰጠው ቀን ነው አሉ። አመሻሹ ድረስ ተከራክረው፣ ቁልፉን ወደ ምስማሩ መልሰው፣ ነጠላቸውን አራግፈው፣ ሳይፈርዱ ተነሡ።

ያን ዕለት ሦስቱ ለአንድ ገበታ ቀረቡ። እራቱ ከጎረቤት የተበደሩት ሽሮ ነበር። የውብዳር ሽሮውን ስትሰፍር እጇ በራሱ አንድ እፍኝ አነሣና ከጓዳው በር ጀርባ ወዳለችው ባዶ ጎታ መለሰ። በእጇ የያዘችው የመስፈሪያ ጣሳ የጎታውን ወለል ነካ፤ ያ የታወቀ ድምፅ ተሰማ፤ እህቶቿ ክው አሉ። እሷ መሆኗን ሲያዩ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ገበታው ቀረበ። አስካለ ጠቅልላ ወደ አፏ ዘረጋችላት። የውብዳር ከግድግዳው ጥግ ሆና ጉርሻውን አየችው፤ ወዲያው ምስማሩ ላይ ያለውን ቁልፍ አየች፤ እንደራባት፣ በጣም እንደራባት፣ ያኔ ገና ተሰማት።

«እናንተ ብሉ፤ እኔ...» አለችና ቃሉ አፏ ውስጥ ቆመ።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው። የአስካለ እጅ እስካሁን እንደተዘረጋ ነው፤ ቁልፉም እዚያው ምስማሩ ላይ አለ። እንግዲህ በእናንተ ጣልኩት፦ ያን ሟች ያበላችው የትኛዋ ናት? የሸመተችው፣ የተራበችው ወይስ በሩን የከፈተችው? ቁልፉስ ለማን ይገባል?